«ደብዛዛ» ስንት ነገር ይሸከማል? በድቡልቡል የከዋክብት ዘለላዎች ውስጥ ስላሉ የኤክስ ጨረር ምንጮች በቀረበ የትርጉም ረቂቅ ላይ የተሰጠ ሂስ

በቅርቡ ለአስተያየት በእጃችን የገባ አንድ የትርጉም ረቂቅ አለ። ረቂቁ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ርእሰ ነገሩ በጥንታውያን የከዋክብት ዘለላዎች ውስጥ የሚገኙና ኀይላቸው አነስተኛ የሆነ የኤክስ ጨረር ምንጮች ጥናት ነው። በመጨረሻውም የስያሜ ቃላት ዝርዝር ተያይዞበታል። የተርጓሚውን ስም መግለጥ አያስፈልግም፤ ሥራው ገና ረቂቅ ነውና። እኛም ይህን ሂስ የምናቀርበው ሰውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ረቂቁ ያነሣቸው ችግሮች ሌሎች የሳይንስ ተርጓሚዎችንም የሚጠብቁ በመሆናቸው ነው። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንመስክር፤ ረቂቁ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ዐረፍተ ነገሩ አይደናቀፍም፤ ግሱ ከባለቤቱ ጋር አይጣላም። ስሕተቱ ያለው በቃላቱ ምርጫ ላይ ነው፤ ስለዚህም በመጀመሪያው ንባብ እኛንም አልፎን ነበር።

ቃላቱን ከመመርመራችን በፊት ነገሩን ባጭሩ ማስታወስ ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍኖተ ሐሊብ የምንለው የእኛ ጋላክሲ ወደ 150 የሚሆኑ ጥንታውያን የከዋክብት ዘለላዎች በዙሪያው አሉት። ከእነዚህ ዘለላዎች ብዙዎቹ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ፣ ታላላቆቹም ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሆኑ ከዋክብትን በድቡልቡል ቅርጽ አሰባስበው የያዙ ናቸው። ዕድሜያቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። ኤክስ ጨረር ደግሞ የምድርን አየር ሰንጥቆ መውረድ አይችልም፤ ስለዚህ ከሰማይ የሚመጣውን ኤክስ ጨረር ለማጥናት መሣሪያው ከአየሩ በላይ መውጣት ነበረበት። በሰኔ 1962 ሪካርዶ ጃኮኒና ባልደረቦቹ በሮኬት ባወጡት መሣሪያ ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ ያለውን የመጀመሪያውን የኤክስ ጨረር ምንጭ በዐቅራብ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ አገኙ። በታኅሣሥ 1970 ደግሞ ከኬንያ ጠረፍ አጠገብ በባሕር ላይ ከተተከለው የጣሊያኖች መድረክ ለኤክስ ጨረር ጥናት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት ተተኰሰች። ቀኑ የኬንያ ነጻነት በዓል ስለ ነበረ በስዋሂሊ ቋንቋ «ኡሁሩ»፣ ማለት ነጻነት፣ ተባለች። ረቂቁ ይህን ስም «ነጻነት ሳተላይት» ብሎ ተርጉሞታል። የአፍሪካ ቋንቋዎች ለዘመናዊው ሥነ ፈለክ የሰጡት ስም ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱን በትርጉም ማጥፋት አይገባንም። ኡሁሩ ኡሁሩ ትባል።

ኡሁሩና በዘመኗ የነበሩ ሌሎች ሳተላይቶች ያሳዩት ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ከጋላክሲው ከዋክብት ከሺሕ አንድ እጅ እንኳ የማይሞሉትን የያዙት ዘለላዎች፣ ከብርቱዎቹ የኤክስ ጨረር ምንጮች ወደ 10 በመቶ የሚጠጉትን ይዘው ተገኙ። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት በ1975 ቀረበ። በዘለላው እምብርት ከዋክብት እጅግ ተጨናንቀው ስለሚኖሩ፣ የሞተ ኮከብ ቅሪት የሆነው ኒውትሮን ኮከብ በመንገዱ ያገኘውን ሌላ ኮከብ ይይዛል፤ ከዚያም የያዘውን ኮከብ ጋዝ እየሳበ ይወስዳል፤ የሚወድቀውም ጋዝ እጅግ ሲግል ኤክስ ጨረር ይረጫል። እነዚህ ብርቱዎቹ ናቸው። ከ1978 እስከ 1981 የሠራችው፣ አይንስታይን የተባለችው ሳተላይት ደግሞ ከእነዚህ በብዙ መቶና በብዙ ሺሕ እጅ የሚያንሱ ሌሎች ምንጮች በዘለላዎቹ ውስጥ መኖራቸውን አሳየች፤ ፖል ኸርትስና ጆናታን ግሪንድሌይ ግኝቱን በ1983 አወጡት። በ1990 የወጣችው ሮሳትና በ1999 የወጣችው ቻንድራ ጥናቱን አሰፉት። የረቂቁ ርእሰ ነገር እነዚህ ደካሞቹ ናቸው።

የመጀመሪያው አከራካሪ ቃል «ራጅ» ነው። ረቂቁ «የራጅ ምንጭ»፣ «የራጅ ቴሌስኮፕ»፣ «ራጃዊ ጥንድ» እያለ ይሄዳል። ተርጓሚው ባዕድ ቃልን ለማራቅ መጣሩ ይታያል፤ ይሁንና «ራጅ» ራሱ፣ ጨረሮች ማለት ከሆነው ከጣሊያንኛው «ራጂ» የመጣ ይመስላል፤ በሐኪም ቤት በር ገብቶ ያገር ሰው ሆነ። በባዕድነቱ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው በአማርኛ ያገኘውን ትርጉም ችላ በማለት መሠራቱን ነው። «ራጅ ተነሣሁ»፣ «ራጁ ምን አለ?»፣ «ራጁን ይዘህ ና» ስንል ራጅ ጨረሩ ሳይሆን ምርመራው፣ ወይም በእጅ የሚያዘው ፊልም ነው። በሐኪም ቤት ጨረሩ የሚወጣው ከመሣሪያው ነው፤ በበሽተኛው አካል ውስጥ ያልፋል፤ የምናየውም የአጥንቱን ጥላ ነው። በሰማይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጨረሩን የሚያወጣው የሚጠናው አካል ራሱ ሲሆን፣ መሣሪያው ተቀባይ ብቻ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ተመራማሪዎቹ የዘለላውን እምብርት «ራጅ አነሡት» ሲል፣ ያነበበው ተማሪ ሰዎቹ ወደ ከዋክብቱ ጨረር ልከው አጥንታቸውን ያዩ ይመስለዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከቃሉ ልማድ በቀጥታ የሚወጣ መረዳት ነው።

«የኤክስሬይ ጨረር» የሚለውም አይሻልም፤ «ሬይ» ጨረር ነውና «የኤክስ ጨረር ጨረር» እንደ ማለት ይሆናል። እኛ «ኤክስ ጨረር» ያልነው ለዚህ ነው። ረንትገን በ1895 ጨረሩን ሲያገኝ ባሕርዩን ስላላወቀ በአልጀብራ የማይታወቀውን ቁጥር በምትወክለው ፊደል ጠራው፤ ያች ፊደል ትቆይ፣ የቀረው ያማርኛ ይሁን። ራጅን ለሐኪም ቤት እንተውለት።

ሁለተኛው «ሉላዊ ክምችት» ነው። ሉል በግእዝ ዕንቁ ነው፤ ከዚያም ክብ ለሆነ ነገር፣ ለምድርም ቅርጽ ተሰጠ። ቃሉ ክቡር ነው፤ ቅርጹንም በትክክል ይናገራል። ነገር ግን ዛሬ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው «ሉላዊ» ሲል የሚመጣበት ኅብረ ኮከብ ሳይሆን ዓለም አቀፍ ንግድ ነው፤ «ሉላዊነት» ቃሉን ጠቅልሎ ወስዶታል። «ክምችት» ደግሞ የጎተራና የመጋዘን ቃል ነው፤ አከማችቶ የሚያስቀምጥ ሰው ያሻዋል። ሁለቱ ሲገናኙ «ሉላዊ ክምችት» የዓለም የስንዴ ወይም የነዳጅ ክምችት ሊመስል ይችላል። «ስብስብ» የሚለውንም አንመርጠውም፤ የሂሳብ ትምህርት ቀድሞ ወስዶታልና።

እኛ «ድቡልቡል ዘለላ» እንላለን። ይህን ስናቀርብ «ድቡልቡል» የድንችና የኳስ ቃል ነው፤ ለሰማይ ነገር አይመጥንም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ዊልያም ሄርሼል በ1789 ለእነዚህ አካላት ያወጣው የእንግሊዝኛ ስም ግን ከዚህ የከበረ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቃል ትንሽ ኳስ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወይንና ሙዝ የሚንዘለዘሉበት ተራ ያገር ቤት ቃል ነው። እነርሱ ከማጀት የወሰዱትን እኛ ከቤተ መንግሥት እንድንወስድ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ይልቅ «ዘለላ»ን የሚያሠጋው ሌላ ነገር ነው፤ «የወይን ዘለላ» ስንል ብዙ ፍሬ ሲሆን፣ «የእንባ ዘለላ» ስንል አንዲት ጠብታ ነው። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ሳይቆም «የከዋክብት» ከሚለው ጋር እንዲሄድ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው አጠቃቀሙ፣ እንመክራለን።

ስለ «ምንጭ» የምንለው ከዚህ ይከብዳል። ረቂቁ ቃሉን አንድ ጊዜ «ምንጭ»፣ ሌላ ጊዜ «ኮከብ» እያለ ያፈራርቃል፤ ይህንም ያደረገው ድግግሞሽ እንዳይሰለች ይመስለናል። በልብ ወለድ ይህ ውበት ነው። በሳይንስ ግን ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። ምንጭ የሚባለው መሣሪያው ጨረር የመጣበት ነጥብ ብሎ የመዘገበው ነው፤ ከነጥቡ በስተጀርባ አንድ ኮከብ ይኑር፣ ሁለት ይኑሩ፣ ወይም ሌላ ነገር ይኑር ቃሉ አይናገርም። አለመናገሩም ጥቅሙ ነው። 47 ቱካኔ የተባለውን ዘለላ እንውሰድ። አይንስታይን በእምብርቱ አንድ ምንጭ አየች። ሮሳት ያን አንድ ምንጭ ወደ ጥቂት ምንጮች ከፋፈለችው። በ2001 የታተመው የቻንድራ ውጤት በመካከለኛው ክፍል ብቻ 108 ምንጮችን ቆጠረ፤ በ2002 በተደረገውና በድምሩ ከ3 ቀን በላይ በፈጀው ምልከታ ላይ የተመሠረተው የ2005 ዝርዝር ደግሞ 300 አደረሳቸው። የመጀመሪያው ተርጓሚ «ምንጭ»ን «ኮከብ» ብሎት ቢሆን፣ አንዱ «ኮከብ» ብዙ ሲሆን ምን ሊል ነበር? ከ300ዎቹም ከፊሎቹ የዘለላው አባላት አይደሉም፤ በዘለላው ውስጥ አልፈው የሚታዩ እጅግ ሩቅ ጋላክሲዎች ናቸው።

የዘለላው ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በዓይን ሲታይ እንደ አንድ ኮከብ ስለሆነ በዮሐን ቦደ የ1801 ዝርዝር ውስጥ እንደ ኮከብ ተቆጥሮ 47 ቁጥር ተሰጠው። ኦሜጋ ሴንታውሪም እንዲሁ፣ በ1603 በባየር የኮከብ ፊደል የተሰጠው ሚሊዮኖች የተከማቹበት ዘለላ ነው። ኮከብ ብሎ መቸኮል አዲስ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የዛሬው ተርጓሚ የሚያውቀውን ያኔ ቦደና ባየር አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። ረቂቁ «ደብዛዛ» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይጠቀምበታል፤ በስያሜ ዝርዝሩም ለሦስት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላት አቻ አድርጎ አስቀምጦታል። ተርጓሚውን ብቻ አንወቅስም፤ እንግሊዝኛው ራሱ በዚህ ረገድ ዝርክርክ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ለአንዱ ነገር አንድ ጊዜ «ደብዛዛ»፣ አንድ ጊዜ «ፈዛዛ»፣ አንድ ጊዜም «አነስተኛ ኀይል ያለው» እንደ ማለት ይጽፋሉ። እነርሱ ግን ነገሩን ስለሚያውቁት ቃሉ ቢሳሳትም አይሳሳቱም። በአማርኛ የሚማረው ተማሪ ነገሩን የሚያውቀው በቃሉ በኩል ብቻ ነው።

ደብዛዛ ማለት ለሚያየው ሰው ደብዛዛ ማለት ነው። ኩራዝ ከደጃፍ ሲታይ ደማቅ፣ ከማዶ ሲታይ ደብዛዛ ነው፤ ኩራዙ ግን ያው ኩራዝ ነው። ስለዚህ ሁለት መጠኖች አሉ፤ አንዱ ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው፣ ሁለተኛው አካሉ ራሱ የሚያወጣው። የመጀመሪያው ርቀት ሲጨምር በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ርቀትን አያውቅም። ምሳሌውን በቁጥር እናሳይ። 47 ቱካኔ ወደ 15 ሺሕ የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቀናል። አንድሮሜዳ የተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ደግሞ ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ እርሱም የራሱ ድቡልቡል ዘለላዎችና በእነርሱም ውስጥ የኤክስ ጨረር ምንጮች አሉት። በአንድሮሜዳ ያለ 10³⁷ ኤርግ በሰከንድ የሚያወጣ ብርቱ ምንጭ፣ በ47 ቱካኔ ካለ 3×10³² ኤርግ በሰከንድ ገደማ ከሚያወጣ ደካማ ምንጭ ጋር ለቴሌስኮፑ እኩል ደብዛዛ ነው። በመካከላቸው ያለው እውነተኛ ልዩነት ግን 30 ሺሕ እጅ ያህል ነው። ረቂቁ ስለ ሁለቱም በአንድ ምዕራፍ ሲናገር ሁለቱንም «ደብዛዛ ምንጮች» ብሏቸዋል፤ ተማሪው አንድ ዓይነት ነገር ናቸው ብሎ ቢደመድም በምን እንወቅሰዋለን?

እዚህ ላይ ግን ለረቂቁ የሚከራከር አንድ ጥሩ ነጥብ አለ፤ እርሱንም ሳናነሣ ብናልፍ ፍርዳችን ይዛባል። በአንድ ዘለላ ውስጥ ያሉ ምንጮች ሁሉ ከእኛ የሚርቁት አንድ ያህል ነው። ሌሊት ከሸለቆ ማዶ ያለች አንዲት መንደር ስትታይ፣ መብራቶቿ ሁሉ እኩል ስለሚርቁ ደብዝዞ የሚታየው በእውነትም ትንሹ መብራት ነው። ዘለላዎችን ለዚህ ጥናት ተፈላጊ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ በቀረው ሰማይ ላይ ርቀትን መለካት ትልቅ መከራ ሲሆን፣ በዘለላ ውስጥ አንድ ጊዜ ተለክቶ ለሁሉ ይሆናል። ስለዚህ በዘለላው ውስጥ «ደብዛዛ»ና «አነስተኛ» ተቀራርበው ይኖራሉ፤ ተርጓሚውንም ያሳሳተው ይህ መቀራረብ ነው። ነገር ግን ከመንደሪቱ ጀርባ ባለው ተራራ ላይ የተለኮሰ ትልቅ እሳት የመንደሪቱ ኩራዝ ሊመስል ይችላል፤ እነዚያ ሩቅ ጋላክሲዎች ይህን የመሰሉ ናቸው። በፊት ለፊታችንም ፋኖስ ይዞ የሚያልፍ ሰው ይኖራል፤ እርሱም በእኛና በዘለላው መካከል ያለ ተራ ኮከብ ነው። ሁለቱን ከመንደሪቱ መብራቶች ለመለየት የሚያስችለን፣ የሚታየውንና የሚወጣውን በሁለት ቃል መጥራታችን ነው።

ስለዚህ የሚታየውን «ድምቀት»፣ የሚወጣውን «ጸዳል» እንድንለው እናቀርባለን። «ጸዳል» የመጽሐፍ ቃል በመሆኑ በዕለት ንግግር ብዙ ሥራ የለበትም፤ ይህ ለስያሜ ይጠቅማል። የመዝገበ ቃላቱ ፍች እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ድምቀት፤ (ስም) ከአንድ አካል ወጥቶ ወደ ተመልካች የሚደርስ የብርሃን ወይም የጨረር መጠን፤ ርቀት ሲጨምር ይቀንሳል። ተቃራኒው ቅጽል፦ ደብዛዛ።

ጸዳል፤ (ስም) አንድ አካል በሰከንድ ወደ አቅጣጫ ሁሉ የሚያወጣው የብርሃን ወይም የጨረር ጉልበት፤ ከተመልካቹ ርቀት ጋር አይለዋወጥም።

ከዚህ ቀጥሎ በመጽሐፉ የሚነገርላቸው ምንጮች «አነስተኛ ጸዳል ያላቸው» ይባሉ። ስሙ ረዘመ የሚል ካለ ይርዘም። እዚህም ላይ «አነስተኛ» የተባለው ከብርቱዎቹ ጋር ሲነጻጸር ብቻ መሆኑን ተርጓሚው በግርጌ ማስታወሻ ቢያስረዳ መልካም ነው። የእነዚህ ምንጮች ጸዳል ብዙውን ጊዜ ከ10³⁰ እስከ 10³⁴ ኤርግ በሰከንድ ይደርሳል። የፀሐይ ጠቅላላ ጸዳል፣ ብርሃኗ ሁሉ ተደምሮ፣ ወደ 4×10³³ ነው፤ በኤክስ ጨረር ብቻ የምታወጣው ግን ከ10²⁷ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ መካከለኛው «ደብዛዛ ምንጭ» በኤክስ ጨረር በኩል ፀሐይን በብዙ ሺሕ እጅ ይበልጣታል። ለዚህ ነገር «ደብዛዛ» የሚል ቃል ብቻውን ሲሰጠው የምናዝነው በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ሁኔታ ነው። ከእነዚህ ምንጮች ውስጥ አንዱ ክፍል በአንድ ወቅት ብርቱ የነበሩና ተመልሰውም ብርቱ ሊሆኑ የሚችሉ ኒውትሮን ከዋክብት ናቸው። ከጓደኛቸው የሚወርደው ጋዝ ሲቋረጥ ወይም እጅግ ሲቀንስ ጸዳላቸው ይወድቃል፤ ጋዙ እንደገና ሲወርድ ይነሣል። ኤን ጂ ሲ 6440 በተባለው ዘለላ ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል፤ ቻንድራ በ2000 ስትመለከተው ከአነስተኞቹ ምንጮች መካከል ያስቀመጠችው አንዱ ምንጭ፣ በ2001 ከብርቱዎቹ ተራ ገብቶ ተገኘ። ምንጩ ያው ነው፤ የተለወጠው ሁኔታው ነው። ረቂቁ ይህን ሁኔታ «ያረፈ» ብሎ ተርጉሞታል፤ «ያረፉ ጥንድ ከዋክብት» የሚልም አርእስት አለው። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ይህን አርእስት ሲያይ «ነፍስ ይማር» ሊል ይችላል። «ያንቀላፋ» ብንለውም ከዚያው አንወጣም፤ በሞት ያንቀላፋ የሚባልበት አገር ነውና። «ያደፈጠ» ሽፍታ ያደርገዋል። «የከሰመ» ተመልሶ እንዳይነሣ ይፈርድበታል።

ያገር ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ግን አለ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በዐመድ ያዳፍኑታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን አይሰጥም፣ እጅ ግን ያቃጥላል፤ ጧት ጭራሮ ሲያገኝ ይነድዳል። «የተዳፈነ» ከሚለው የበለጠ ለዚህ ነገር የሚስማማ ቃል አላገኘንም። ስምምነቱም በመልክ ብቻ አይደለም። በ1998 የቀረበው ትንታኔ እንደሚያስረዳው፣ ኒውትሮን ኮከቡ ጋዝ በሚወስድበት ጊዜ በቅርፊቱ ጥልቀት ውስጥ የኒውክሌር ለውጦች ይካሄዳሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ሙቀት ወደ ውስጥ ዘልቆ ይከማቻል፤ ጋዙ ከቆመ በኋላም ኮከቡን ሞቆ እንዲቆይ የሚያደርገው ይህ ሙቀት ነው። በተዳፈነው ጊዜ የምናየው ኤክስ ጨረር በአብዛኛው ከዚህ ከሞቀው ገጽ የሚወጣ ነው፤ የገጹም ሙቀት አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው። ዐመዱ ሥር ያለው ፍም ማለት ይኸው ነው። «ጉዳዩ ተዳፈነ» የሚለው የሰሞኑ አነጋገር ቃሉን አበላሽቶታል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ፍሙ ከጉዳዩ ይቀድማል እንላለን።

በዚህ ቃል ላይ የምናሳስበው አንድ ጥንቃቄ ነው። ረቂቁ «ያረፈ»ን በአነስተኞቹ ምንጮች ሁሉ ላይ አውርዶታል፤ የእኛም «የተዳፈነ» ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይደርሰው እንሠጋለን። የተዳፈኑት ከአራት ዓይነት ምንጮች አንዱ ብቻ ናቸው። ነጭ ድንክ የተባለው የኮከብ ቅሪት ከጓደኛው ጋዝ የሚወስድባቸው ጥንዶች አልተዳፈኑም፤ እየነደዱ ነው፣ እሳታቸው ግን ትንሽ ነው። በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚዞሩት ፐልሳሮችም (በ47 ቱካኔ ብቻ ከ20 በላይ ይታወቃሉ) ጋዝ መውሰዱን ጨርሰው ከመሽከርከራቸው ጉልበት የሚኖሩ ናቸው። ተቀራርበው በሚዞሩ ተራ ከዋክብት ላይ የሚታየው ኤክስ ጨረር ደግሞ ከመግነጢሳዊ እንቅስቃሴያቸው የሚመጣ ነው። የአራቱ ጸዳል ተቀራራቢ ስለሆነ በአንድ ቅጽል መጥራት ያጓጓል፤ የተመራማሪዎቹ የብዙ ዓመታት ድካም ግን እነርሱን እርስ በርስ ለመለየት ነበር።

መለያየቱም ለስም ማሳመር የሚደረግ አይደለም። የተዳፈነ ኒውትሮን ኮከብ ርቀቱ ከታወቀ፣ ድምቀቱ ወደ ጸዳል ይለወጣል፤ ከጸዳሉና ከገጹ ሙቀትም የኮከቡን ስፋት መገመት ይቻላል። በዘለላ ውስጥ ርቀቱ ስለሚታወቅ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሬዲየስ ያለውን አካል ከብዙ ሺሕ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሆነው ለመለካት የሚሞክሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ከስፋቱም ቁስ አካል እጅግ ሲታመቅ ምን እንደሚሆን ይጠይቃሉ። በረቂቁ ሰባተኛ ምዕራፍ ይህ ስሌት በትክክል ተተርጉሟል፤ ነገር ግን ድምቀትም ጸዳልም፣ የመዳፈኑም ሁኔታ «ደብዛዛነት» ስለተባሉ ተማሪው አንዱን ደብዛዛነት በሌላው ደብዛዛነት አባዝቶ ሦስተኛ ደብዛዛነት የሚያገኝ ይመስላል። ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አንብበነዋል። በሁለተኛው ጊዜም የተረዳነው እንግሊዝኛውን በአእምሯችን እየመለስን ነበር፤ ይህ ደግሞ ከትርጉም የሚጠበቅ አይደለም።

ስለ «መንትያ ኮከብ» ባጭሩ እንናገር። ረቂቁ ሁለት ከዋክብት አንዱ በሌላው ዙሪያ ሲዞሩ «መንትያ» ይላቸዋል። ለብዙዎቹ የሰማይ ጥንዶች ይህ ሊያስኬድ ይችላል፤ አብረው ተወልደዋልና። በድቡልቡል ዘለላ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2003 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከዋክብት ብዙ በሚገናኙባቸው ዘለላዎች ውስጥ የምንጮቹም ቁጥር ይበዛል፤ ማለትም ከጥንዶቹ ብዙዎቹ ኋላ የተገናኙ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይዞታል፣ ወይም ሦስተኛ መጥቶ የአንዱን ቦታ ወስዷል። «መንትያ» ይህን ታሪክ ከሥሩ ይክደዋል። «ጥንድ» ገለልተኛ ስለሆነ ይበቃል። ከመካከላችን አንዱ «ጥማድ» ብንል የተሻለ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ሁለት በሬዎች ከተለያየ እናት ተወልደው በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉና፣ በእርግጥም ምስሉ ያምራል። ነገር ግን በሬ በሬን አይበላም። ስለዚህ «ጥንድ»ን አጸደቅን።

በስያሜ ዝርዝሩ ውስጥ የቀሩትን ቃላት በአብዛኛው ተቀብለናል፤ «ነጭ ድንክ»፣ «ኒውትሮን ኮከብ»፣ «ፐልሳር» ባሉበት ይቆዩ። የተቸገርንበት አንድ ቃል ቀርቷል፤ ነጭ ድንኩ ያለበት ጥንድ፣ ድንገት ደምቆ ድንገት የሚመለሰው፣ «ነውጠኛ ተለዋዋጭ» ተብሏል። «ነውጠኛ» ለእኛ ትውልድ ጆሮ የአደባባይ ቃል ነው፤ በቀለም ትምህርት ክፍል ውስጥ ሲነበብ ተማሪው ሳይሆን መምህሩ ይደነግጣል። «ድንገቴ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ይሁንና የመደመቁን ኀይል አያሳይም። «ግንፍሌ» ያሉም አሉ፤ እርሱ ደግሞ ከምድጃው ሳይርቅ ቀረ። ረቂቁ ሁለተኛ ጊዜ እስኪቀርብልን ድረስ ቦታውን ክፍት ትተነዋል።